ውሳኔዎቻችሁን አትሙልን፦ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ፌደራል ጠበቆች ማኅበር
ለሕግ ትምህርት ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በግል ዳታ ቅሬታዎች ላይ የሚሰጡ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው እንዲታተሙ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥብቅና የምሠራ ሰው ነኝ። አብዛኛው ፋይሌ የሰዎች የግል መረጃ ነው። ስልክ ቁጥር፣ ፎቶ፣ የሕክምና ካርድ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የጣት አሻራ። ማን ሰበሰበው? ለምን ያዘው? ለማን አሳልፎ ሰጠው? ጉዳት ሲደርስ ማን ይጠየቃል? ይህን ሳገላብጥ ነው የምውለው። ሥራውን ስጀምር በአገራችን ራሱን የቻለ የግል ዳታ ሕግ አልነበረም። ዛሬ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የማስፈጸሙ ኃላፊነትም ለእናንተ ተሰጥቷል። ብዙ ዓመት የጠበቅነው ነገር ስለሆነ ከልብ ደስ ብሎኛል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሰዎች መረጃችን አለአግባብ ተነካ ብለው እናንተ ዘንድ ሲመጡ ትመረምራላችሁ፣ ትወስናላችሁ። ያንን ውሳኔ ከነምክንያቱ አትሙልን። የአቤት ባዩ ስም ይሰረዝ። ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ይውጣ። የቀረው ግን ጠበቃም፣ ዳኛም፣ ተማሪም፣ ተራው ሰውም ከፍቶ የሚያነበው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ለምን ይህን ያህል እንደምጓጓለት በዝርዝር ልንገራችሁ።

ቢሮዬ የሚመጡት ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ልጀምር። ማንነታቸውን የሚገልጥ ነገር አልጠቅስም።

አንዲት ወጣት ለሠርጓ የተዋበችበት ቤት ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ለማስታወቂያ ይጠቀምበታል። ትዳሩ ፈርሷል። እሷ ያንን ቀን ማየት አትፈልግም፤ ምስሉ ግን በየሰው ስልክ ይዞራል። አንሡልኝ ብላ ስትለምን የሰጧት መልስ «ያነሣነው እኛ ነን» የሚል ነው። ሌላዋ ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ናት። ስትሄድ የፓስፖርቷንና የመታወቂያዋን ቅጂ ለደላላ ሰጥታ ነበር። ስትመለስ በስሟ የወጣ ሲም ካርድ ሰው ማጭበርበሪያ ሆኖ ጠበቃት። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ ቃሏን የሰጠችው በማታውቀው ጉዳይ ነው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ አለ። የደም ምርመራው ውጤት ከእሱ ጆሮ ቀድሞ ዘመዶቹ ጆሮ ገብቷል። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስልክ ደውሎ ነው የነገራቸው። ይህ ሰው ቢሮዬ ተቀምጦ ብዙ አልተናገረም። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህን ማን አየው?» ብቻ አለኝ።

እነዚህ ሰዎች ደፍረው የመጡት ናቸው። ሌሎቻችን ለምደነዋል። ሕንፃ ስንገባ ጥበቃው ጋ መታወቂያ እናስይዛለን፤ ደብተሩ ላይ ስማችንንና ስልካችንን እንጽፋለን። ደብተሩ ሲሞላ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተን «በቴሌግራም ላክልኝ» ስንባል የፓስፖርታችንን ፎቶ ለማናውቀው ልጅ እንልካለን። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። የተማሪዎች ውጤት ከነስማቸው በግሩፕ ይለጠፋል። ለሕክምና እርዳታ የሚለመንለት ሕመምተኛ አልጋ ላይ እንዳለ ፎቶው ይሰራጫል። ለበጎ ተብሎ ነው፤ ግን ፈቃዱን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ሁለት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ይህ ነገር ሕግ አለው ወይ?» የሚል ነው። ዛሬ አፌን ሞልቼ አዎ እላለሁ። ሁለተኛው «ብንከስስ ምን እናገኛለን?» የሚል ነው። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ምን ማስረጃ ይጠየቃል? ያለፈቃድ የተለጠፈ ፎቶ ስንት ያስቀጣል? ክሊኒኩ «ሠራተኛዬ በራሱ ያደረገው ነው» ብሎ ቢያመልጥስ? ይህን ለመመለስ ጠበቃ የቀድሞ ውሳኔ ያስፈልገዋል። አዋጁን በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። አዋጁ ግን አንድ መረጃ «ለተሰበሰበበት ዓላማ» ብቻ መዋል አለበት ሲል፣ የሠርግ ሜካፕ ፎቶ ዓላማው የት ላይ እንደሚያበቃ አይነግረኝም። ይህን የሚነግረኝ በእውነተኛ ሰዎች እውነተኛ ጉዳይ ላይ ያሰባችሁት ሐሳብ ነው።

የሕግ ሰዎች ያልሆኑ አንባቢዎች ስላሉ ወደኋላ ትንሽ ልመለስ።

በአገራችን ሰው የግል ሕይወቱ ሊከበርለት እንደሚገባ የተጻፈው ዛሬ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 31 ደግሞ ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳያወጣ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የደብዳቤን፣ የስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ይጠብቃል። የሠርጓ ልጅ ጉዳይ አዲሱ አዋጅ ባይኖርም በአንቀጽ 27 መቆም ይችል ነበር። ቢሆንም እኔ ሥራ ስጀምር የማውቃቸው ጠበቆች ይህን አንቀጽ የሚያስታውሱት ለፈተና ሲያጠኑ ነበር። አንቀጹ ከሞባይል ስልክ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ የታተመ ውሳኔ ማግኘት ጭንቅ ስለነበር ማንም ደፍሮ አይነካውም።

በዚያ ዘመን ሥራችንን የሚያስፈራ ሌላም ነገር ነበር። በ2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን በሽብር ሲከሰሱ፣ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸውና መልእክታቸውን መመስጠራቸው ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስልክህን በይለፍ ቃል መቆለፍ በወንጀል ማስረጃነት ሊቀርብብህ የሚችልበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ያኔ «የዲጂታል መብት ጠበቃ ነኝ» የሚል ሰው ቢኖር ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ይመክረው ነበር።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ አንድ ክስ ተከፈተ። ሜሪላንድ የሚኖር በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ፣ ለቤተሰቡ ደኅንነት ሲል ኪዳኔ በሚል የተለወጠ ስም፣ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን በሚገኝ የፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በኢሜይል በመጣ ሰነድ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ጥሪዬን ሲቀዳ ቆይቷል የሚል ነበር ክሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ክሱን ዘጋው። ይግባኝ ሰሚው ችሎትም በመጋቢት 2017 አጸናው። ምክንያቱ የሚያሳዝን ነው። የውጭ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ ጥፋቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን አለበት፤ የዚህኛው ግን መነሻው ውጭ አገር ነው አሉ። ሰውየው ስለላው ስለመፈጸሙ ሳይከራከር ከበሩ ተመለሰ።

ሌላውን ክስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶዋቸው ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። የከሰሰው ናይሮቢ ላይ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ።

እነዚህን ሁለት ክሶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የተጎዱት የእኛ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የደረሰው በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ጠብ ውስጥ ነው። ክርክሩ ግን የተሰማው ዋሽንግተንና ናይሮቢ ነው። ያን ጊዜ ወደ ውጭ መሄዳቸው ትክክል ነበር፤ ሌላ በር አልነበራቸውም። ዛሬ ግን አዋጅ አለ፣ መሥሪያ ቤት አለ። ቀጣዩ ሰው አዲስ አበባ ላይ፣ በአማርኛ ወይም በሚያውቀው የአገሩ ቋንቋ፣ አቤት ብሎ የተጻፈ መልስ ማግኘት አለበት። መልሱም ለእሱ ብቻ ተሰጥቶ መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ውሳኔ ማተም ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስሕተት የሚያርመው የራሳችን ሰበር ችሎት አለ።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ሁለት ነገር አደረገ። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። ያንን ትርጉም የያዙ ውሳኔዎችም ታትመው እንዲሰራጩ አዘዘ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያነሣል። እኔ በሥራዬ ላይ ያየሁት ግን ሁለተኛው የበለጠ እንደሠራ ነው። ቅጽ አንድ፣ ቅጽ ሁለት እየተባለ መውጣት ሲጀምር የጥብቅና ሥራ መልኩ ተቀየረ። ከዚያ በፊት የአንድን ችሎት አቋም ለማወቅ መዝገብ ቤት ደጅ መጥናት ወይም የሚያውቅ ጓደኛ መጠየቅ ግድ ነበር። የቆየ ጠበቃ ዋጋው ያ ነበር፤ ማን ምን እንደሚያስብ በልምዱ ያውቃል። ቅጾቹ ሲታተሙ ክፍለ ሀገር ያለ ጀማሪ ጠበቃም የሰበር መዝገብ ቁጥር ጠቅሶ መከራከር ቻለ። ዳኛው ያልተስማማበትን ቢወስን ለምን እንደተለየ መጻፍ ግድ ሆነበት። መምህራን ውሳኔዎቹን እየተቹ ጻፉ። ሰበር ራሱም አንዳንድ ጊዜ አቋሙን ቀየረ። መቀየሩም በግልጽ ታየ።

የውርስ፣ የመሬት፣ የሥራ ክርክር ጠበቆቻችን ዛሬ ጎበዝ የሆኑት በእነዚህ ቅጾች ነው። አንድ ወጣት «የሥራ ክርክር ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ» ቢለኝ ቅጾቹን ሰጥቼው ለወራት እንዲያነብ እነግረዋለሁ። «የዳታ ጥበቃ ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ» የሚለኝ ግን ምን ልስጠው? አዋጁን እሰጠዋለሁ። ከዚያ የአውሮፓ ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ፣ የኬንያን፣ የሕንድን። እጁ ላይ የማስቀምጠው የራሳችን ውሳኔ የለኝም።

ኬንያን በተደጋጋሚ የማነሣው ጎረቤታችን ስለሆነች ብቻ አይደለም። በሕግ የቀደመችን ጥቂት ዓመት ነው። የዳታ ጥበቃ ሕጓ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የመጀመሪያዋ ኮሚሽነር ሥራ የጀመሩት በ2020 መጨረሻ ነው። በመስከረም 2023 ጽሕፈት ቤታቸው ሦስት ቅጣቶችን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። አንድ ትምህርት ቤት የሕፃናትን ፎቶ ያለወላጅ ፈቃድ በመለጠፉ 4 ሚሊዮን 550 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ተቀጣ። አንድ የመዝናኛ ቤት የደንበኛውን ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በማውጣቱ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ። አንድ በስልክ የሚያበድር ድርጅት የሰዎችን ስልክ ቁጥር ከሌላ ሰው ወስዶ የማስፈራሪያ መልእክት በመላኩ 2 ሚሊዮን 975 ሺህ። ልብ በሉልኝ፤ ሦስቱም የሰፈር ጉዳዮች ናቸው። ትምህርት ቤት፣ ጭፈራ ቤት፣ ብድር። በማግስቱ ናይሮቢ ያለ ጠበቃ ለደንበኛው «እንዲህ ያለ ነገር ይህን ያህል አስቀጥቷል» ማለት ቻለ። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ወላጅ ማስፈረም እንዳለበት ጠበቃ ሳይቀጥር አወቀ።

እዚያው ኬንያ ሌላም ሆኗል፤ ይህኛው ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። መንግሥት ሁዱማ ናምባ የተባለውን መታወቂያ ማደል ሲጀምር ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለ ተቋም ፍርድ ቤት ሄደ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ይህን ያህል የሰው መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት በሰዎች ላይ ምን አደጋ እንደሚያመጣ አጥንታችኋል ወይ? ሕጉ ጥናቱን ያዛል፤ ጥናቱ ግን አልተደረገም ነበር። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2021 የካርዱ እደላ ሕግን የጣሰ ነው ብሎ መጀመሪያ ጥናቱ እንዲደረግ አዘዘ። መታወቂያ አትስጡ አላለም፤ መጀመሪያ አስቡበት ነው ያለው።

እኛም ፋይዳ አለን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ምዝገባው እየተካሄደ ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል። ባንክ ሄዶ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ይጠየቃል። እኔ ፋይዳን አልቃወምም። መታወቂያ አጥታ ከአገልግሎት የተገለለች የገጠር እናት ጥቅሙን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። ነገር ግን ይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ቢሰረቅ የሚቀየርበት መንገድ የለም። ስለዚህ በዚህ ዙሪያ የሚነሣ ማንኛውም ቅሬታ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የተጻፈና የታተመ መልስ ያስፈልገዋል። ቅሬታው ፋይዳን በቀጥታ የሚመለከት ላይሆንም ይችላል። የፋይዳ ቁጥር ፎቶ ኮፒ እያደረገ የሚያከማች ሱቅ ወይም አሠሪ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሙያው ኑሮም ማንሣት ያለብኝ ነገር አለ፤ ከጥያቄዬ ጋር ይገናኛል።

በዳታ ጥበቃ ሥራ እንጀራ የሚገኘው ከማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የሰው መረጃ ከሚሰበስቡት ድርጅቶች፣ ከሰብሳቢዎቹ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ እዚህ አዲስ አበባ ሆነው ለአውሮፓ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወይም ስልክ የሚመልሱ ድርጅቶች ውል ይላክላቸው ጀመር። ውሉን የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉ። እኔም ብዙ የተማርኩት እነዚያን ውሎች መስመር በመስመር ሳነብ ነው። የኢትዮጵያዊ መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ሳይኖር የጀርመናዊውን መረጃ እንዴት እንደምንጠብቅ ስጽፍ ከርሜአለሁ። አሁን አዲሱ አዋጅ ሲመጣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ክፍያ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች ፖሊሲ ያስጽፋሉ፣ ሠራተኛ ያሠለጥናሉ። መልካም ነው፤ ይክፈሉ፣ ያስጽፉ።

መረጃው የተሰበሰበበት ሰው ግን መክፈል አይችልም። ከዐረብ አገር የተመለሰችው እህት ለትራንስፖርት ተበድራ ነው የመጣችው። የእሷን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ በነጻ ነው የሚይዘው። በነጻ የሚሠራ ጠበቃ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። ያለፈ ውሳኔ ካለ ማመልከቻውን በአንድ ከሰዓት ይጽፈዋል። ከሌለ ሕጉን ከመሠረቱ መከራከር አለበት፤ ያ ሳምንታት ይወስዳል፤ ስለዚህ አይይዘውም። ድርጅቱ ግን ያንን ሁሉ ሳምንት የሚከፍልበት አቅም አለው። ውሳኔ ሳይታተም በቀረ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ባለገንዘቡ ያዘነብላል። ለውጭ ሰው ጥቃቅን የአሠራር ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህ ሙያ ውስጥ ይህን ያህል የሚያሳስበኝ የለም።

አንድ ሰው ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ካለ የማክስ ሽሬምስን ታሪክ ያንብብ። የኦስትሪያ የሕግ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ፌስቡክ ስለ እኔ የያዝከውን ስጠኝ ብሎ ጠየቀ፤ ከ1,200 ገጽ በላይ ላኩለት። ከዚያ የተነሣ አቤቱታ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2015 እና በ2020 አውሮፓና አሜሪካ መረጃ የሚለዋወጡባቸው ሁለት ስምምነቶች ፈረሱ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አይካድም። ነገር ግን እሱ የጠቀሰው እያንዳንዱ ውሳኔ ታትሞ፣ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በነጻ ተቀምጦ ነበር። የእኛም ልጆች ጉብዝና አያንሳቸውም።

መልሳችሁ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቻለሁ።

ምናልባት «የሰዎችን ምስጢር እንድንጠብቅ የተቋቋምን ሆነን እንዴት ጉዳያቸውን እናትማለን?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ስም ይሰረዝ ያልኩት። የሰበር ቅጾች የተከራካሪዎችን ሙሉ ስም ይዘው ነው የሚወጡት፤ እናንተ ከዚያ የተሻለ መሥራት ትችላላችሁ። ስም ማውጣት ብቻም አይበቃም። ትንሽ ከተማ ውስጥ «የእገሌ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠራተኛ» ከተባለ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከተማውም ሊወጣ ይገባል። አቤት ባዩ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ያንብብ፣ ይቅርብኝ የሚለውን ይንገራችሁ። ያጠፋው ድርጅት ስም ግን ይታወቅ። ሕዝቡ ነገ መረጃውን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው በዚያ ነው።

«የሰው ኃይል የለንም» ልትሉም ትችላላችሁ። አምናችኋለሁ። አዲስ ሥራ ነው፣ በዚያ ላይ የቴሌኮም ኩባንያዎችን ትቆጣጠራላችሁ። ረጅም ፍርድ አልጠየቅኩም። ሁለት ገጽ ይበቃል። ምን ተፈጸመ፣ የትኛው አንቀጽ ተነካ፣ ሰብሳቢው ምን ብሎ ተከላከለ፣ እናንተ ለምን አልተቀበላችሁትም ወይም ተቀበላችሁት፣ ምን አዘዛችሁ። ቅሬታው ውድቅ ሲሆንም እንዲሁ። ውድቅ የተደረገ ቅሬታ ለጠበቃ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ደንበኛዬን በከንቱ እንዳላንከራትት ያደርገኛል። የመረጃ መጥለፍ ወይም መፍሰስ ሲደርስ ድርጅቶች በ72 ሰዓት ውስጥ ሊያሳውቋችሁ ይገባል። በዚህ ላይም ምን ያህል ማስታወቂያ እንደደረሳችሁና ምን እንዳደረጋችሁ በየጊዜው ብታወጡልን መልካም ነው።

የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነገር ነው፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም። በአገራችን ከሁሉ የበለጠ የሰው መረጃ የያዘው መንግሥት ነው። አንድ ቀን አንድ ዜጋ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ላይ አቤት ብሎ ይመጣል። አዋጁ ለብሔራዊ ደኅንነትና ለመሰል ጉዳዮች የተወው ቦታ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 3 ግን እንዲህ ያለ ገደብ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ እንደሚፈቀድ ይናገራል። ያ መሥሪያ ቤት «የደኅንነት ጉዳይ ነው» ብሎ ቢዘጋባችሁ ምን ትላላችሁ? የትኛውን ማስረጃ ትጠይቃላችሁ? ያንን ውሳኔ የምትጽፉት ባለሙያዎች ከባድ ጫና እንደሚኖርባችሁ አውቃለሁ። የታተመ ምክንያት ያኔ ለእናንተም መከለያ ይሆናችኋል። ለትንሹ ክሊኒክ የጻፋችሁትን መመዘኛ ለትልቁ መሥሪያ ቤትም እንደተጠቀማችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ግልባጭ ለተደረገላችሁም ሁለት ቃል አለኝ። ለፌደራል ጠበቆች ማኅበር፦ ነጻ የሕግ አገልግሎት የመስጠት ግዴታችን ውስጥ የግል ዳታ አቤቱታ በግልጽ ይካተት፤ ወጣት አባላት እንዲይዙት አበረታቱ። ለሕግ ትምህርት ቤቶች፦ እኔ ስማር ስለዚህ ጉዳይ የተነገረኝ የአንቀጽ 26 አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚያ በላይ የሚያስተምሩበት ነገርም አልነበራቸውም። አሁን ግን በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቻችሁ ለድሃው ፍቺና ቀለብ የምትጽፉ ተማሪዎች አሏችሁ። እነሱ ለፎቶና ለሲም ካርድም ይጻፉ። ማመልከቻው አንድ ነው። ሰውየው ያስገባው፣ መልሱን ይጠብቅ፣ ተማሪዋም ሒደቱን ትከታተል።

ለባለሥልጣኑ የመጨረሻ ጥያቄዬን በአጭሩ ላስቀምጥ። ውሳኔዎች የሚታተሙበትን መመሪያ አውጡ። መመሪያው ውሳኔ በተሰጠ በስንት ቀን እንደሚታተም ይወስን። ስም የሚሰረዝበትን መንገድ ይዘርዝር። ከአማርኛ ሌላ በክልሎች የሥራ ቋንቋዎችም አጭር ማጠቃለያ ይኑረው። ረቂቁን ለጠበቆችና ለሕዝብ አስተያየት ክፈቱት። ከዚህ በፊት የተወሰኑ ጉዳዮች ካሉም ከእነሱ ጀምሩ።

ስም የመሰረዙና የማጠቃለሉ ሥራ ሰው የሚጎድለው ከሆነ እኔ አለሁ። ይህን ደብዳቤ በረቂቅ ያነበቡ የሙያ ባልደረቦቼም ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለ ክፍያ ሊያግዙ ፈቃደኛ ናቸው። ምስጢር ለመጠበቅ የምትጠይቁንን ሁሉ እንፈርማለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በግል ዳታ ጥበቃና በዲጂታል መብቶች ላይ የሚሠራ ጠበቃ
አዲስ አበባ